የጠፉት አራት ክፍሎች፤ «የኳተርማስ ሙከራ» እና የቴሌቪዥን ድራማ ጽሑፍ ዕጣ ፈንታ

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ልቦለድ፣ ግጥምና የመድረክ ተውኔት ዘወትር ይጠናሉ። ድራማ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ግን ጉዳዩ የጋዜጠኛው ወይም የቴክኒክ ባለሙያው ብቻ እንደ ሆነ ይቆጠርና ከሥነ ጽሑፍ ሐያሲው እጅ ይወጣል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቴሌቪዥን ድራማ ጽሑፍ ለካሜራ የተዘጋጀ መመሪያ እንጂ በራሱ የቆመ የፈጠራ ሥራ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ምስሉ እያለ ጽሑፉን ማንበብ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አስተያየቶች በአንድ ታሪካዊ ምሳሌ አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል።

ምሳሌው «የኳተርማስ ሙከራ» የተባለው የእንግሊዝ ሳይንሳዊ ተከታታይ ድራማ ነው። ድራማው ከሐምሌ 11 እስከ ነሐሴ 16 ቀን 1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1953) በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በስድስት ክፍሎች በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቧል። ከስድስቱ ክፍሎች ዛሬ በምስል የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት አራቱ በቀጥታ ተላልፈው በዚያው ቀርተዋል፤ ይሁን እንጂ ድራማው ከሰባ ዓመት በኋላም ይነበባል፣ ይጠናል፣ እንደ ገናም ተዘጋጅቶ ቀርቧል። ይህ ሊሆን የቻለው ጽሑፉ በመትረፉ ነው። በመሆኑም የድራማውን ታሪክና አሠራር መመልከት ወደ ራሳችን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድራማ፣ በተለይም በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው ለምናስተምርና ለምንማር ሰዎች ወደሚቀርብ አንድ ሥራ ይመራናል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገር ውስጦቹ ዓ.ም. ተብለው ይለያሉ።

1. ዘመኑና ባለሙያዎቹ

በ1953 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ገና ወጣት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በ1936 ከለንደን ሰሜናዊ ክፍል ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ተጀምሮ ጦርነቱ አቋረጠው፤ ሥራው የቀጠለው በ1946 ነው። አገሪቱ የነበራትም ጣቢያ የቢቢሲው ብቻ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል በዌስትሚንስተር ገዳም ሲከበር ሥርዐቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሰውም ተመለከተው። ቴሌቪዥን የሌለው ወደ ጎረቤቱ ቤት እየሄደ አየ፤ ብዙዎችም ለዚሁ በዓል ሲሉ ቴሌቪዥን ገዙ። «የኳተርማስ ሙከራ» መታየት የጀመረው ከዚህ በኋላ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነበር።

በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ድራማ በአመዛኙ ከመድረክ ወይም ከመጽሐፍ የተወሰደ ነበር። ተዋንያኑ በመድረክ ላይ እንዳሉ ሆነው ይናገራሉ፤ ካሜራውም አንድ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ የቲያትር ተመልካች ከሩቅ ሆኖ ያያቸዋል። ይህን ልማድ ለመለወጥ የፈለጉ ሁለት ሰዎች በቢቢሲ ተገናኙ። ደራሲው ኒጀል ኒል በ1922 የተወለደ፣ በማን ደሴት ያደገ፣ በትወና የሠለጠነና በአጭር ልቦለድ መድበሉ የሶመርሴት ሞም ሽልማት ያገኘ ወጣት ነበር። አዘጋጁ ሩዶልፍ ካርቲየር በ1904 በቪየና ተወልዶ በጀርመን የፊልም ኢንዱስትሪ ከሠራ በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገር ለቆ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። ኒል ከሥነ ጽሑፍ፣ ካርቲየር ከፊልም መምጣታቸው ለሥራቸው መልክ ሰጥቶታል። ደራሲው ሰውን በንግግሩ መቅረጽ ያውቃል፤ አዘጋጁ የሰውን ፊት በቅርብ አድርጎ ማሳየት ያውቃል።

የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም አወጣጥ ራሱ የደራሲውን አሠራር ያሳያል። ኒል ያልተለመደና ከአንባቢው አእምሮ የማይጠፋ የቤተሰብ ስም ሲፈልግ ከለንደን የስልክ ማውጫ «ኳተርማስ» የሚለውን አገኘ። የመጀመሪያ ስሙን በርናርድን የወሰደው ደግሞ ከታወቀው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከበርናርድ ሎቬል ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቱ ከስሙ ጀምሮ ከተራው ሕዝብና ከምርምር ዓለም በአንድነት የተቀዳ ሰው ነው።

2. ታሪኩ

ፕሮፌሰር በርናርድ ኳተርማስ የእንግሊዝ የሮኬት ምርምር ቡድን መሪ ነው። ቡድኑ ሦስት ሰዎችን የያዘች ሮኬት ወደ ጠፈር ይልካል። ሮኬቷ ከታሰበላት መንገድ ትወጣለች፤ ለብዙ ሰዓታትም ድምፅዋ ይጠፋል። በመጨረሻ ተመልሳ በለንደን ከተማ ዊምብልደን በተባለ ሠፈር አንድ መኖሪያ ቤት ላይ ትወድቃለች። በሯ ሲከፈት ግን ከሦስቱ ተጓዦች የሚወጣው ቪክቶር ካሩን የተባለው አንዱ ብቻ ነው። የሁለቱ ጓደኞቹ ልብስ ባዶውን ተገኝቷል። በሯ በመንገድ ላይ አልተከፈተም፤ ሰዎቹ የት ገቡ?

የታሪኩ ልብ ሰቀላ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ካሩን ቀስ በቀስ የጓደኞቹን እውቀት፣ አልፎ ተርፎም በራሱ የማያውቀውን ቋንቋ ሲናገር ይሰማል። ሦስቱ ሰዎች በአንድ አካል ውስጥ ተቀላቅለዋል፤ የቀላቀላቸውም በጠፈር ያገኛቸው ሌላ ሕይወት ነው። አካሉ ከሰውነት ወደ ዕፅ ዐይነት ፍጡር እየተለወጠ ይሄዳል። ከሆስፒታል ያመልጣል፣ በከተማው ውስጥ ይደበቃል፣ በመጨረሻም ዘሩን በምድር ላይ ሊበትን በተቃረበበት ሰዓት በዌስትሚንስተር ገዳም ውስጥ ይገኛል።

የዚህ ድራማ መቼት ልዩ ትኩረት ይሻል። ሳይንሳዊ ልቦለድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሩቅ ዘመንና ሩቅ ፕላኔት ነው። ኒል ግን ታሪኩን ያስቀመጠው በራሱ ዘመንና በራሱ ከተማ ነው። ሮኬቷ የወደቀችበትን ቤት የሚከቡት ሠፈርተኞች፣ ሰካራምና ጋዜጠኞች ናቸው፤ እንግዳውን ነገር የሚያዩት በለመዱት የዕለት ተዕለት ዐይናቸው ነው፤ የሚናገሩትም በለመዱት አነጋገር ነው። በአንድ ትዕይንት ካሩን የሚደበቀው ሲኒማ ቤት ውስጥ ሲሆን በሸራው ላይ የሚታየው ርካሽ የጠፈር ፊልም ነው። ደራሲው በዚህ ትዕይንት የዘመኑን የጠፈር ፊልም ይሣለቅበታል፤ እግረ መንገዱንም የራሱ ታሪክ ከዚያ የተለየ መሆኑን ለተመልካቹ ያስገነዝባል።

የመጨረሻው ትዕይንት በዌስትሚንስተር ገዳም መደረጉም በዘፈቀደ አይደለም። ፍጡሩ የሚታየው ከገዳሙ ስለ ሕንጻው ጥበብ በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ነው። ተመልካቹ የንግሥቲቱን የዘውድ በዓል በዚያው ሥፍራ፣ በዚያው መሣሪያ ካየ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ደራሲው የተመልካቹን ትኩስ ትዝታ ለታሪኩ ጡዘት አውሎታል። ጽሑፉ የተጻፈበትን ወርና ዓመት ሳያውቅ የሚያነበው ሰው ይህን ውጤት ያጣዋል፤ የታሪካዊ ንባብ ጥቅም ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱም ይህ ነው።

3. አሠራሩ

ስድስቱም ክፍሎች የተላለፉት ከአሌክሳንድራ ፓላስ ስቱዲዮ በቀጥታ ነው። ካሜራዎቹ ጣቢያው በ1936 ሲከፈት የተተከሉት አሮጌ ካሜራዎች ነበሩ። ተዋንያኑ ከሰኞ እስከ ዐርብ ሌላ ሥፍራ በኪራይ አዳራሽ ይለማመዳሉ፤ ቅዳሜ ወደ ስቱዲዮ ገብተው ቀኑን ከካሜራ ጋር ሲለማመዱ ይውላሉ፤ ማታ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ክፍል ይተላለፋል። ቃሉን የሳተ ተዋናይ የሚታረምበት፣ የወደቀ ዕቃ የሚነሣበት ዕድል የለም። አንድ ተዋናይ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ለመዛወር ወይም ልብስ ለመለወጥ ጊዜ እንዲያገኝ በመካከል አስቀድመው የተቀረጹ አጫጭር የፊልም ቁራጮች ይገቡ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ኒል የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ገና ጽፎ አልጨረሰም።

ለስድስቱ ክፍሎች በጠቅላላው የተመደበው ገንዘብ ወደ 4,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህ ገንዘብ ጠፈርን ማሳየት አይቻልም፤ ስለዚህ ደራሲው ጠፈርን አላሳየም። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው ሮኬቷን በሚከታተሉ ሰዎች ክፍል ውስጥ ነው። ተመልካቹ የሚያየው የሚጠባበቁ ሰዎችን ፊት ነው፤ የሚሰማው መልስ የማይሰጥ ሬዲዮ ነው። የካሩን ባለቤት ጁዲት ባሏን በምትጠብቅበት በዚያ ክፍል ውስጥ የምታሳየው ጭንቀት ሮኬቷን ከማየት ይልቅ አደጋውን ያጎላል። የመግቢያው ሙዚቃ ከጉስታቭ ሆልስት «ፕላኔቶች» የተወሰደው የማርስ ክፍል ስለ ነበር ለሙዚቃ የተለየ ድርሰት አላስፈለገም።

ከዚህ አንጻር የገንዘብና የመሣሪያ ማነስ የድራማውን ቅርጽ በቀጥታ ወስኗል ማለት ይቻላል። አስፈሪው ነገር ከመታየቱ በፊት አምስት ሳምንት ሙሉ ይነገራል፣ ይጠረጠራል፣ በሰዎች ፊት ላይ ይነበባል። ይህ የቃል ተራኪ ዘዴ ነው። በየአገሩ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የጅብ ወይም የአውሬ ተረት የሚተርክ ሽማግሌ አውሬውን አምጥቶ አያሳይም፤ የአድማጮቹን ፊት እያየ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኒል ያደገባት የማን ደሴትም በተረትና በአፈ ታሪክ የታወቀች ናት፤ በኋላ የጻፋቸው ድራማዎች የመናፍስትንና የጥንት እምነቶችን ታሪክ ከሳይንስ ጋር የሚያገናኙ መሆናቸው ይህን ዳራ ያስታውሰናል።

ፍጡሩ በመጨረሻው ክፍል መታየት ሲገባው መፍትሔውን ያገኘው ራሱ ደራሲው ነው። ኒልና በኋላ ባለቤቱ የሆነችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ጁዲት ከር ጓንቶችን በቆዳና በቅጠላ ቅጠል ሸፍነው ፍጡሩን ሠሩ። የገዳሙ ውስጠኛ ክፍል በትልቁ የታተመ ፎቶግራፍ ነበር። ኒል ፎቶግራፉን ቀድዶ ጓንት የለበሱ እጆቹን በቀዳዳው አሾልኮ አንቀሳቀሳቸው። እንግሊዝን ያስፈራው ፍጡር የደራሲው እጅ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል 3.4 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶት የነበረ ሲሆን ይህን የመጨረሻ ክፍል 5 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል።

4. በቃል የተገኘ ድል

የታሪኩ አፈታት ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው ክፍል ነው። ወታደሮች ገዳሙን ከብበዋል፤ መሣሪያም አለ። ኳተርማስ ግን ብቻውን ወደ ፍጡሩ ይቀርብና ይናገረዋል። የሚናገረው ለአውሬው አይደለም፤ በአውሬው ውስጥ ተውጠው ላሉት ለሦስቱ ሰዎች ነው። ሰው መሆናቸውን እንዲያስታውሱ፣ በውስጡ ሆነው ፍጡሩን እንዲቃወሙት ይማጸናቸዋል። ሰዎቹም ይሰሙታል፤ ፍጡሩ ከውስጡ ይሞታል፤ እነሱም አብረውት ይጠፋሉ።

በ1955 ሐመር የተባለው የፊልም ድርጅት ይኸንኑ ታሪክ ለሲኒማ ሲሠራው አፈታቱን ለወጠው። በፊልሙ ፍጡሩ በኤሌክትሪክ ኃይል ይገደላል። ሁለቱን አፈታቶች ማወዳደር የጽሑፉን ጭብጥ ያወጣዋል። በቴሌቪዥኑ ድራማ ግጭቱ ሰው ከባዕድ ፍጡር ጋር ያለው ብቻ አልነበረም፤ ሰው በውስጡ ከገባው ባዕድ ጋር ያለው ግጭት ነበር። ሰዎቹን ወደ ጠፈር የላካቸው ኳተርማስ ራሱ በመሆኑ ንግግሩ የኃላፊነት ኑዛዜም አለበት። በፊልሙ ግን ጭብጡ ጠላትን ወደ ማስወገድ ይጠብባል። ሁለቱ ሥራዎች ተመሳሳይ ሴራ አላቸው፤ ጭብጣቸው ግን የተለያየ ነው። ይህን ንጽጽር ማድረግ የቻልነው የቴሌቪዥኑን ስድስተኛ ክፍል በምስል አይተነው አይደለም። ምስሉ የለም፤ የምናነበው ጽሑፉን ነው።

5. የጠፋውና የተረፈው

በ1953 በቀጥታ የሚተላለፍን ድራማ ለማስቀረት የነበረው ዘዴ በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ የሚታየውን ምስል በፊልም ካሜራ ማንሣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በዚህ ዓይነት ተቀድተዋል። ጥራቱ ዝቅተኛ ነበር፤ በሁለተኛው ክፍል ቅጂ ላይ እንዲያውም በቀረጻው ጊዜ መስተዋቱ ላይ ያረፈች አንዲት ነፍሳት ትታያለች። ከዚያ በኋላ ቀረጻው ስለ ቆመ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ክፍሎች ከዚያች ሌሊት አላለፉም። የኳተርማስን ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያ የተጫወተው ሬጂናልድ ቴት በ1955 ሁለተኛው ተከታታይ ሊጀመር ሲል ስለ ሞተ በመጨረሻው ክፍል ያደረገውን ንግግር በድምፁ መስማት ከእንግዲህ አይቻልም።

ድራማውን ከመጥፋት ያዳነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቢቢሲ የጽሑፍ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ በ1959 ጽሑፈ ተውኔቱን በመጽሐፍ መልክ ማሳተሙ ነው። ቢቢሲ ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ድራማውን አሳጥሮ እንደ ገና በቀጥታ ሥርጭት ሲያቀርበው የሠራው ከዚሁ ጽሑፍ ነው። ደራሲው በሚቀጥለው ዓመት በ84 ዓመቱ ሲሞት የጠፋው ሥራው በሌሎች ተዋንያን አንደበት ተመልሶ ሲነገር ለማየት በቅቶ ነበር።

ከዚሁ ጣቢያ በኅዳር ወር 1963 የጀመረው «ዶክተር ሁ» የተባለው ሌላ ታዋቂ ሳይንሳዊ ተከታታይም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። ክፍሎቹ ተቀድተው የነበረ ቢሆንም የመቅጃው ክር ውድ ስለ ነበር ተደምስሶ ሌላ ዝግጅት ይቀዳበት ነበር። በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ብዙ ክፍሎች በምስል ጠፍተዋል። ይሁን እንጂ የጠፉት ክፍሎች ድምፅ በሙሉ ይገኛል፤ ያስቀሩትም በየቤታቸው የድምፅ መቅጃ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው የቀዱ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች ናቸው። የጣቢያው መዝገብ ያላስቀረውን ተራ ተመልካች አስቀርቶታል።

6. ከጉድጓዱ ወደ ጢያ

ኒልና ካርቲየር ከ1958 ማብቂያ እስከ 1959 መጀመሪያ ያቀረቡት ሦስተኛው ተከታታይ «ኳተርማስና ጉድጓዱ» ይባላል። ለንደን ውስጥ የሕንጻ መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች የጥንት ሰው የራስ ቅል ያገኛሉ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሲመረምረው ዕድሜው አምስት ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ከራስ ቅሉ ሥር ደግሞ ከማርስ የመጣ መንኮራኩር ይገኛል። በድራማው መላ ምት መሠረት የማርስ ፍጡራን በሰው ልጅ አባቶች አእምሮ ውስጥ ከእኔ የተለየ ሁሉ ይጥፋ የሚል ስሜት ተክለዋል። ድራማው በቀረበበት ዓመት ለንደን ውስጥ ኖቲንግ ሂል በተባለው ሠፈር በጥቁር ነዋሪዎች ላይ የዘር ጥቃት ደርሶ ስለ ነበር የጭብጡ ምንጭ ሩቅ አልነበረም። ደራሲው ስለ ማርስ እየጻፈ የሚናገረው ስለ ጎረቤቱ ነው።

ይህን ድራማ ቡታጅራ ላይ ሆኖ የሚያነብ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ አዋሽን በሚሻገርበት አካባቢ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት የተገኙበት ይህ ሥፍራ ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥቂት አለፍ ሲል በሶዶ ምድር በ1980 የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ከሠላሳ ስድስቱ ሠላሳ ሁለቱ የተቀረጹ ሲሆኑ ብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ቅርጽ ይታያል። ኒል በምናቡ ለንደን ውስጥ የቀበረውን ጥንታዊነት የዚህ አካባቢ ነዋሪ በአውቶቡስ መስኮት ያየዋል። እንግዲህ ለሳይንሳዊ ልቦለድ የሚሆን የታሪክ ጥሬ ዕቃ የለንም ማለት አይቻልም።

የገንዘብ እጥረት ምክንያትም ከላይ እንዳየነው ብዙ አያስኬድም። ስፔናዊው ሚጌል ላንሶ አዘጋጅቶት በ2015 የወጣው «ክራምስ» የተባለው ሳይንሳዊ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸና በአማርኛ የሚነገር ነው። ከዓለም ጥፋት በኋላ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ቅዱስ ቅርስ ሲከበሩ ያሳያል። ከገበያ የሚገኝ ተራ ዕቃ በታሪኩ ውስጥ በተሰጠው ትርጉም ብቻ እንግዳ ነገር ሆኗል። ከኒል ጓንት ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ነው።

7. የእኛ ድራማ ጽሑፍ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣቢያው ብዙ ድራማዎች ቀርበዋል፤ በቅርቡም ዘመን «ገመና» እና «ሰው ለሰው» የመሳሰሉት ተከታታዮች ሰፊ ተመልካች አግኝተዋል። የእነዚህ ድራማዎች ዋነኛ ዓለም ቤተሰብ፣ ትዳር፣ ውርስና ወንጀል ነው፤ ሳይንሳዊ ታሪክ በመካከላቸው ጎልቶ አይታይም። ይህ በራሱ ጉድለት ነው ለማለት አይደለም። ጥያቄው እነዚህ ሥራዎች የሥነ ጽሑፍ ቅርስ ሆነው ለሚቀጥለው ትውልድ በምን መልክ ይተላለፋሉ የሚለው ነው።

የሬዲዮ ልምዳችን በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ተርኮታል። ትረካው በቴፕ ክር፣ በኋላም በሌላ መቅጃ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እስከ ዛሬ ይደመጣል። በዚህ ሥራ ድምፁም ጽሑፉም ስለ ተረፈ ተማሪው ደራሲው የጻፈውን ከተራኪው አነባበብ ጋር እያነጻጸረ ማጥናት ይችላል። ለሬዲዮ ወይም ለቴሌቪዥን ብቻ ተጽፎ በመጽሐፍ ያልታተመ ድራማ ግን ይህ ዕድል የለውም። ቅጂው ከጠፋና ጽሑፉ በደራሲው መሳቢያ ከቀረ ሥራው የተመልካቾቹን ዕድሜ ያህል ብቻ ይኖራል።

የጉራጌ አካባቢ የሥነ ጽሑፍ ታሪክም ሥራዎች ከአንድ መልክ ወደ ሌላ እየተሻገሩ እንደሚተርፉ ያስረዳል። የአካባቢው ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት «የሺነጋ መንደር» በሰፊው የታወቀው የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 ከታተመ በኋላ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሴቶች መብት የተሟገተችው የየቃቄ ወርድወት ታሪክም ለረጅም ዘመን በቃል ሲነገር ኖሮ ወደ መጽሐፍና ወደ ብሔራዊ ቲያትር መድረክ ደርሷል። ሁለቱም በመካከል አንድ ሰው ጽፎ ባያስቀራቸው ኖሮ ወደ እኛ የመድረሳቸው ነገር አጠራጣሪ ነበር።

ስለዚህ በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በደርግ ዘመን ጨቦና ጉራጌ፣ ሐይቆችና ቡታጅራ ይባሉ የነበሩትን አውራጃዎች ጨምሮ በየሥፍራው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ከዚያ ወዲህም የትምህርት ቤት የድራማ ክበባትና አማተር የቲያትር ቡድኖች ድራማ ይጽፋሉ፣ ያቀርባሉ። ለአንድ የበዓል ቀን ተጽፎ አንድ ቀን ብቻ የቀረበ ድራማ ልክ እንደ ኳተርማስ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያች ዕለት የሚያልፈው ጽሑፉ ከተያዘ ብቻ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ በደብተር የተጻፉ ተውኔቶችን ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ ጠይቆ ቢገለብጥ፣ የቀረቡበትን ቀንና ቦታ ቢመዘግብ፣ ተዋንያኑን አነጋግሮ በጽሑፉ ላይ የሌለውን እንቅስቃሴና ዝግጅት ቢጨምርበት፣ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ ቅጂውን በቤተ መጻሕፍት ቢያኖር ሥራው ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የመስቀል በዓል ከየከተማው ወደ አገሩ የሚመለሰውን ሰው ስለሚያሰባስብ ቀደም ሲል የተጫወቱትን ሰዎች ለማግኘት ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም።

ማጠቃለያ

በመግቢያችን ያነሣናቸው ሁለት አስተያየቶች በ«የኳተርማስ ሙከራ» ታሪክ ፊት አይጸኑም። ጽሑፉ ለካሜራ የተሰጠ መመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሜራው ከጠፋ በኋላ የሚነበብ ጭብጥ፣ መቼትና አፈታት ባልኖረው ነበር። ምስሉ እያለ ጽሑፉ ምን ይጠቅማል ለሚለው ደግሞ መልሱ ምስሉ ሁልጊዜ አለመኖሩ ነው። ድራማው በተላለፈበት ማታ ምስሉን የተመለከተው አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ነበር፤ ጽሑፉን በእጃቸው የያዙት ግን ጥቂት ተዋንያንና ባለሙያዎች ነበሩ። ለእኛ የደረሰን በጥቂቶቹ እጅ የነበረው ነው።

የጠፋብንን ድራማ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ቁጥር የለውምና። በእጃችን ያለውን መመዝገብ ግን ይቻላል። ቀደምት የኪነት ቡድን አባላት ብዙዎቹ ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ደብተሮቻቸውም በየቤቱ ከሌላ ወረቀት ጋር ተደባልቀው ይገኙ ይሆናል። ይህን ሥራ በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት የሚጀምር ተማሪ ሊያገኘው የሚችለውን ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ላያገኘው ይችላል።